ገበያው አገገመ ይባላል፤ የትኛው ገበያ?

ላፕቶፕ ሲከፈት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከሆዱ በኩል ያሉት ትንንሽ ብሎኖች ይፈታሉ። ክዳኑ በጥንቃቄ ይነሳል። ከማራገቢያው አጠገብ ጣት የምታክል አረንጓዴ ሰሌዳ ተሰክታ ትታያለች። ላይዋ ላይ ቺፕ የሚባሉ ጥቋቁር አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል። ግራና ቀኝ ያሉትን መያዣዎች ገፋ ሲያደርጓቸው ብድግ ትላለች። ራም የምንላት ይቺ ናት።

ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍብን መጀመሪያ የምናስጨምረው እሷን ነው። አዲስ ከመግዛት በጣም ይረክሳል። ከ2025 አጋማሽ በኋላ ግን ዋጋዋ በዓለም ገበያ ሽቅብ ወጣ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ፣ አንዳንዱ ዓይነትም ከእጥፍ በላይ ጨመረ።

እዚህ ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ኮምፒውተር የሚገዛው ሰው ቁጥር በኮሮናው ጊዜ ወደነበረበት አልተመለሰም። ስልክም ቢሆን የሚያገግመው ቀስ እያለ ነው። ገዢው ካልበዛ ዋጋው ለምን ይወደዳል? የቺፕ አምራቾች የነገ ዕጣ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። መልሱን ለማግኘት ግን ትንሽ ወደኋላ እንሂድ።

የሽንኩርት ነገር

ሽንኩርት ሲወደድ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። ዋጋውን ያየ ገበሬ ሁሉ ሽንኩርት ይተክላል። ከወራት በኋላ ሁሉም በአንዴ ያወጣዋል። ገበያው ይጥለቀለቃል። ዋጋው የለቃሚ ጉልበት እንኳ የማይሸፍን ይሆናል። ምርቱ ማሳ ላይ የበሰበሰበት ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ነገር ይዘራል። ያኔ ደግሞ ሽንኩርት ይጠፋል።

ቺፕም እንዲሁ ነው። የሚለየው በጊዜውና በገንዘቡ ነው። ሽንኩርት በወራት ይደርሳል። አንድ ዘመናዊ የቺፕ ፋብሪካ ግን ተገንብቶ ሥራ እስኪጀምር ሦስት አራት ዓመት ይወስዳል። ወጪው 20 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል፤ ከዚያም ያልፋል። ፋብሪካው ከቆመ በኋላ እንኳ አንዷን ቺፕ ከጥሬ የሲሊከን ሰሌዳ ተነስቶ ለመጨረስ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ እጥረት አይቶ መገንባት የጀመረ ኩባንያ የሚሸጠው ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚመጣ ገበያ ነው።

በ2020 እና በ2021 ሰው ቤቱ ተከተተ። ሥራውም ትምህርቱም በስክሪን ሆነ። በ2021 ብቻ ወደ 350 ሚሊዮን የሚጠጋ ኮምፒውተር ለገበያ ቀረበ። ቺፕ ጠፋ። ጥቂት ዶላር የምታወጣ ቺፕ በመታጣቷ ትልልቅ የመኪና ፋብሪካዎች ሥራ አቆሙ። ገዢዎች ደነገጡ። አስር የሚያስፈልገው ሃያ አዘዘ። ያንኑ ዕቃ ከሁለት አቅራቢ ያዘዘም ነበር።

ከዚያ 2022 መጣ። ኑሮ ተወደደ፤ የባንክ ወለድ ጨመረ። ኮምፒውተር የሚፈልገው ሰው ደግሞ አስቀድሞ ገዝቷል። መጋዘኖች እንደሞሉ ቀሩ። በ2023 የኮምፒውተር ሽያጭ ወደ 260 ሚሊዮን ወረደ። ስማርት ስልክ 1.17 ቢሊዮን ላይ ቆመ፤ በአስር ዓመት ውስጥ ዝቅተኛው ነው። የዓለም የቺፕ ሽያጭ በ2022 ከነበረበት 574 ቢሊዮን ዶላር በአንድ ዓመት ወደ 527 ቢሊዮን ቀነሰ።

ክፉኛ የተመቱት ሚሞሪ አምራቾች ናቸው፤ ራምን የመሰለ መረጃ የሚይዝ ቺፕ የሚሠሩት ማለት ነው። ሚሞሪ ከሌላው ቺፕ ይልቅ ሽንኩርትን ይመስላል። የአንዱ ምርት ከሌላው እምብዛም ስለማይለይ ገዢው የሚያየው ዋጋውን ነው። ዋነኞቹ አምራቾች ሦስት ናቸው፦ የደቡብ ኮሪያዎቹ ሳምሰንግና ኤስኬ ሃይኒክስ፣ የአሜሪካው ማይክሮን። በ2023 የሳምሰንግ የቺፕ ክፍል ወደ 15 ትሪሊዮን የኮሪያ ዎን ከሰረ። ኤስኬ ሃይኒክስ 7.7 ትሪሊዮን ዎን አጣ። የማይክሮን ዓመታዊ ገቢ ከ30.8 ቢሊዮን ዶላር ወደ 15.5 ቢሊዮን ወረደ። በግማሽ ማለት ነው።

ሦስቱም ምርት ቀነሱ። ማስፋፊያቸውንም አዘገዩ። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ የዛሬዋን የራም ዋጋ የወለደች አንዷ ምክንያት እሷ ናት።

አማካዩ የደበቀው

በ2024 ዜናው ተለወጠ። የዓለም የቺፕ ሽያጭ በ19 በመቶ አድጎ ወደ 628 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። እስከዚያ ድረስ በታሪክ ያልታየ መጠን ነበር። ገበያው አገገመ ተባለ።

አንዱ ሁለት እንጀራ በልቶ ሌላው ጦሙን ቢያድር፣ በአማካይ አንድ አንድ እንጀራ በልተዋል ይባላል። የ2024 ቁጥርም እንደዚሁ ነው። በዚያው ዓመት የኮምፒውተር ሽያጭ ያደገው 1 በመቶ ብቻ ነው። ስልክ ትንሽ ተሻለ፤ 6 በመቶ ገደማ ጨመረ።

ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስን እንይ። ይህ ኩባንያ ስሙ በዜና ብዙ አይነሳም። የሚሠራቸው ርካሽ ቺፖች ግን መኪና ውስጥ፣ የፋብሪካ ማሽን ውስጥ፣ የሕክምና መሣሪያ ውስጥ አሉ። በ2022 ገቢው 20 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በ2023 ወደ 17.5 ቢሊዮን ወረደ። አገገመ በተባለበት በ2024 ደግሞ ጭራሽ 15.6 ቢሊዮን ሆነ። ደንበኞቹ በእጥረቱ ጊዜ ያከማቹትን ገና እየተጠቀሙ ነበር።

ታዲያ የ100 ቢሊዮን ዶላሩ ጭማሪ ከየት መጣ? በኖቬምበር 2022 ቻትጂፒቲ ወጣ። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሆን ቺፕ ፍለጋ ተሽቀዳደሙ። ያ ቺፕ በብዛት የሚገኘው ኤንቪዲያ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዘንድ ነበር። እስከ ጃንዋሪ 2023 በነበረው የበጀት ዓመት የኤንቪዲያ ገቢ 27 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በቀጣዩ ዓመት 61 ቢሊዮን ሆነ። ከዚያ በኋላ ባለው 130.5 ቢሊዮን። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ አምስት እጥፍ ተጠጋ።

ማገገም በሚለው አንድ ቃል ሥር ሁለት የማይመሳሰሉ ገበያዎች አሉ። አንዱ የዳታ ሴንተሩ፣ ማለትም ብዙ ኮምፒውተሮች በአንድ ላይ የሚሠሩበት ማዕከል ነው፤ እየሮጠ ነው። ሌላው የእኛ ነው፤ የስልኩ፣ የላፕቶፑ፣ የመኪናው። እሱ በዝግታ ነው የሚሄደው። የአንድን ቺፕ አምራች ነገ ማወቅ የፈለገ ሰው ከአጠቃላዩ ሽያጭ በፊት የኩባንያውን ደንበኞች ማየት አለበት።

የኢንቴል መከራ

ይህን የኮምፒውተር ዋና ቺፕ ከሚሠራው ከኢንቴል በላይ በቁስሉ የሚያሳይ የለም። ለብዙዎቻችን ኮምፒውተር ማለት ኢንቴል የሚል ተለጣፊ ያለበት ዕቃ ነበር። በ2021 ገቢው 79 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በ2024 ወደ 53 ቢሊዮን ወርዶ፣ ዓመቱን በ18.8 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ ዘጋ። በኦገስት 2024 ወደ 15 ሺህ ሠራተኛ እንደሚቀንስና ለባለአክሲዮኖች የሚከፍለውን ድርሻ እንደሚያቆም አስታወቀ። በማግሥቱ አክሲዮኑ 26 በመቶ ወደቀ። በኖቬምበር ከታዋቂው የዳው ጆንስ የአክሲዮን ገበያ መለኪያ ወጥቶ ቦታውን ኤንቪዲያ ያዘው። በዲሴምበር ዋና ሥራ አስፈጻሚው ፓት ጌልሲንገር ለቀቁ።

ኢንቴል ፋብሪካ መገንባት መጀመሩ በራሱ ስህተት ነበር አልልም። በአሜሪካዋ ኦሃዮ፣ በጀርመን፣ በእስራኤል ሊገነባ ያቀደው ታይዋን ላይ የተከማቸውን የማምረት አቅም ለማካካስ ነበር። አሜሪካም በ2022 ባወጣችው የቺፕ ሕግ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ መድባለች። ችግሩ የገንዘቡ ምንጭ ነው። ፋብሪካው የሚገነባው ከኮምፒውተር ሽያጭ በሚገኝ ትርፍ ነበር። ያ ሽያጭ ደግሞ ግንባታው በተጀመረበት ሰዓት እየቀነሰ ነበር። የኦሃዮው ፋብሪካ በ2025 ሥራ ይጀምራል ተብሎ ነበር፤ አሁን ወደ 2030 እና 2031 ተገፍቷል። የጀርመኑ ማግደቡርግ ጭራሽ ተሰርዟል።

የእስራኤሉ ወደ እኛም ይጠጋል። ኢንቴል ትልቅ ፋብሪካው ያለው ቂርያት ጋት ነው። ከተማዋ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን የሚኖሩባት ናት። በዲሴምበር 2023 ለ25 ቢሊዮን ዶላር ማስፋፊያ የእስራኤል መንግሥት 3.2 ቢሊዮን ዶላር ድጋፍ ፈቀደ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በጁን 2024 ማስፋፊያው መቆሙ ተዘገበ። በጋዜጣ ሲጻፍ የቢሊዮኖች ጉዳይ ይመስላል። ከተማው ውስጥ ለሚኖር ሰው ግን የብየዳ ሥራ ነው፣ የጥበቃ ሥራ ነው፣ የምግብ አቅርቦት ነው፣ ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ ለጨረሰ ልጅ የታሰበ ቦታ ነው።

በኦገስት 2025 የአሜሪካ መንግሥት ራሱ የኢንቴልን 10 በመቶ ገደማ ድርሻ ያዘ። በሚቀጥለው ወር ኤንቪዲያ 5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስገባ አስታወቀ። ኢንቴል ይተርፋል ብዬ አስባለሁ። ነገር ግን የሚተርፈው መንግሥት እንዲወድቅ ስለማይፈልግ ከሆነ፣ የሚመጣው ገንዘብ ምርጥ ቺፕ የመሥራትን ችግር በራሱ አይፈታለትም። ውጭ ያለ ትልቅ ደንበኛ ቺፑን አምኖ እንዲያሠራበት ማድረግ አለበት። የኢንቴል ፈተና እሱ ነው።

አንድ ማሳ፣ ሁለት ሰብል

አሁን ወደ ራሟ እንመለስ።

ቺፕ የሚሠራው ዋፈር በሚባል ክብ የሲሊከን ሰሌዳ ላይ ነው። ስፋቱ 30 ሴንቲሜትር ነው፤ ከምጣድ ያንሳል፣ ከምግብ ሳህን ይበልጣል። እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። በላዩ ላይ ቺፖቹ በመቶዎች ሆነው ይታተማሉ፤ ከዚያ ተቆርጠው ይለያያሉ። ለአምራቹ ይህ ሰሌዳ ማሳው ነው። የፋብሪካው አቅም የሚለካው በወር ስንት ዋፈር ያወጣል በሚል ነው።

የኤንቪዲያ ቺፕ ብቻውን አይሠራም። አጠገቡ በጣም ፈጣን ሚሞሪ ይፈልጋል። ይህ ሚሞሪ ኤችቢኤም ይባላል። ስምንት ወይም አስራ ሁለት የሚሞሪ ቺፖች እንደ ፎቅ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራሉ። ከላይ እስከ ታች በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይበጁላቸውና በመዳብ ይሞላሉ፤ መረጃው የሚመላለሰው በእነሱ ነው። ሥራው ከባድ ነው፤ የሚበላሸውም ብዙ ነው። ማይክሮን እንደገለጸው ተመሳሳይ መጠን ያለው ሚሞሪ በዚህ መንገድ ለመሥራት ከተራው ራም ሦስት እጥፍ ያህል ዋፈር ያስፈልጋል።

የጤፍ ማሳ ባህር ዛፍ ሲተከልበት ማለት ነው። ባህር ዛፉ የተሻለ ገንዘብ ካመጣ ገበሬውን መውቀስ አይቻልም። ቤተሰብ አለው፤ ዕዳ አለበት። የከተማው ሰው ግን ጤፍ ይወደድበታል፤ ለዚያውም አንድ እንጀራ ሳይጨምር። ሚሞሪ አምራቾቹም በ2023 ከከሰሩት ኪሳራ እየወጡ ነበር። ገንዘቡ ወዳለበት ሄዱ። በዚያ ላይ በኪሳራው ዓመት ማስፋፊያ አዘግይተዋልና ተጨማሪ ማሳ የላቸውም።

ኤስኬ ሃይኒክስ ኤችቢኤምን ቀድሞ ስለያዘ የኤንቪዲያ ዋና አቅራቢ ሆነ። በ2023 የ7.7 ትሪሊዮን ዎን ኪሳራ የነበረው ኩባንያ በ2024 የ23.5 ትሪሊዮን ዎን ትርፍ አገኘ። ሳምሰንግ ግን ዘገየ። በኦክቶበር 2024 የቺፕ ክፍሉ ኃላፊ ጁን ያንግ ህዩን በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ። በ2025 መጀመሪያ ኤስኬ ሃይኒክስ ለመጀመሪያ ጊዜ በራም ሽያጭ ገቢ ሳምሰንግን አለፈ። ሁለቱም ያሉት ደቡብ ኮሪያ ነው፤ የሚሠሩት ያንኑ ዕቃ ነው፤ ገበያቸውም አንድ ነው። የለያያቸው መቅደምና መዘግየት ነው።

በኦክቶበር 2025 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። አሮጌ ኮምፒውተር ያላቸው መሥሪያ ቤቶች መቀየር ግድ ሆነባቸው። ለኮምፒውተር ገበያው የተጠበቀው ትንፋሽ ይህ ነበር። የመጣው ግን ሚሞሪ በጠበበበት ሰዓት ነው። በዲሴምበር 2025 ማይክሮን ክሩሻል በሚል ስም ለተራ ገዢዎች ይሸጥ የነበረውን ራምና ማከማቻ ሊያቆም መወሰኑን አስታወቀ። ሦስት አስርት ዓመት ገደማ የቆየ ስም ነው። አቅሙን ለትልልቆቹ ደንበኞች ማዋል ስለፈለገ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ይኸው ነው። የእኛ ገበያ ስላላደገ ዋጋው አይጨምርም ማለት አይቻልም። የእኛ ቺፕ የሚዘራበትን ማሳ ሌላው ገበያ ወስዶታል።

ማን ይጠቀማል? ማንስ ይሰጋል?

ከሁሉ የተደላደለው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ይመስለኛል። በ1987 በሞሪስ ቻንግ የተመሠረተው ይህ ኩባንያ በራሱ ስም ቺፕ አይሸጥም። የሌሎችን ንድፍ ተቀብሎ ይሠራል። አፕልም፣ ኤንቪዲያም፣ ኤኤምዲም ደንበኞቹ ናቸው። በ2020 የገቢው ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ከስልክ ነበር። በ2024 የስልክ ድርሻ ወደ 35 በመቶ ወርዶ፣ የሰርቨርና የትልልቅ ኮምፒውተሮች ቺፕ ከግማሽ አለፈ። ስልክ ሲቀዘቅዝ ፋብሪካው ባዶ አልቆመም። የሚያሰጋው ሌላ ነገር ነው፤ ደሴቲቱ ያለችበት የፖለቲካ ውጥረት። አሜሪካ አሪዞና ውስጥ 165 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ቃል የገባውም ለዚህ ጭምር ነው።

ኤንቪዲያን በተመለከተ ስጋቴን ልደብቅ አልፈልግም። ከገቢው ትልቁን ድርሻ የሚያመጡት ጥቂት ግዙፍ ኩባንያዎች ናቸው። በ2025 መጀመሪያ ላይ ማይክሮሶፍት 80 ቢሊዮን፣ ጉግል 75 ቢሊዮን፣ ሜታ ከ60 እስከ 65 ቢሊዮን፣ አማዞን 100 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊያወጡ ማሰባቸውን ተናግረዋል። ከዚህ ውስጥ ብዙው ለዳታ ሴንተር ነው። እነዚህ ኩባንያዎች ገንዘባቸው ይመለሳል ብለው እስካመኑ ድረስ ይገዛሉ። ከእነሱ ሁለቱ ለአንድ ዓመት ቆም ብለው እንይ ቢሉ መላው የቺፕ ዓለም ይናወጣል።

ይህ ከንቱ ፍርሃት አይደለም። ጃንዋሪ 27፣ 2025 ዲፕሲክ የተባለ የቻይና ኩባንያ በአነስተኛ ወጪ ጥሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ሠራሁ ማለቱ ሲሰማ፣ የኤንቪዲያ የገበያ ዋጋ በአንድ ቀን 589 ቢሊዮን ዶላር ቀነሰ። በኋላ ተመልሶ አገገመ። ሆኖም የገዢው ልብ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ያ ቀን አሳይቷል። ከዚህ በፊትም ታይቷል። የኢንተርኔቱ ግርግር በፈነዳ ጊዜ የዓለም የቺፕ ሽያጭ በ2000 ከነበረው 204 ቢሊዮን ዶላር በ2001 ወደ 139 ቢሊዮን ወድቋል። ኢንተርኔቱ እውነት ነበር፤ ዓለምን ለውጧል። ፋብሪካዎቹ ግን ከዘመኑ ቀድመው ተገንብተው ነበር።

ሚሞሪ አምራቾቹ አሁን እንደገና እየገነቡ ነው። ትርፉ ጥሩ ነው፤ ትዕዛዙም ሞልቷል። ኤስኬ ሃይኒክስ በኦክቶበር 2025 የ2026 ምርቱ ከወዲሁ ገዢ እንዳገኘ ተናግሯል። አዲሶቹ ፋብሪካዎች በሙሉ አቅማቸው የሚያመርቱት ግን ዓመታት ቆይተው ነው። ሽንኩርቱ እንደገና እየተተከለ ነው። ሲደርስ ዳታ ሴንተሮቹ አሁንም የሚገዙ ከሆነ መልካም። ካልሆነ 2023 ይደገማል። እስከዚያ ድረስ ግን አቅርቦቱ የሚሰፋ አይመስለኝም።

የተራው ሰው ስልክ

ውድ ስልክ የሚሠራ ኩባንያ የሚሞሪ ዋጋ ሲጨምር ይቋቋማል። ከስልኩ ዋጋ ውስጥ የሚሞሪው ድርሻ ትንሽ ነው። ርካሽ ስልክ ላይ ግን ያቺው ጭማሪ ትልቅ ናት። ትርፉም ስስ ስለሆነ የሚደበቅበት ቦታ የለም። አፍሪካ ውስጥ በብዛት የሚሸጡት ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የአንድ ኩባንያ የትራንሽን ምርቶች ናቸው። ኩባንያው ኢትዮጵያ ውስጥም ስልክ ይገጣጥማል። የሚገጠመው ቺፕ ግን ከውጭ በዶላር የሚመጣ ነው። የአንድ ዶላር ዋጋ ደግሞ በጁላይ 2024 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። የዶላሩ ዋጋ እና የሚሞሪው ዋጋ አንድ ዕቃ ላይ ተደራረቡ።

ኩባንያዎቹ ይህን የሚወጡበት መንገድ ሁለት ነው። ዋጋ ይጨምራሉ፤ ወይም ዋጋውን ሳይነኩ ሚሞሪውን ይቀንሳሉ። ሁለተኛው ለእኛ የባሰ ነው፤ ሱቅ ውስጥ አይታወቅም። ስልኩ አዲስ ይመስላል። ከስድስት ወር በኋላ ቴሌግራምና የባንክ መተግበሪያው አብረው ሲከፈቱ ይንቀራፈፋል።

ለልጅ ትምህርት ላፕቶፕ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ የምለው ይህን ነው። ቀጭንነቱንና ቀለሙን ተዉት። ራሟ ስንት ጊጋ እንደሆነች ጠይቁ። 8 ከሆነች ሌላ የምትጨመርበት ባዶ ቦታ አለው ወይ ብላችሁ አስከፍታችሁ እዩ። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ራሟ ከዋናው ሰሌዳ ጋር ተበይዳ ነው የምትመጣው፤ ከገዛችሁ በኋላ መጨመር አይቻልም። ዩዝድ ከሆነም ጥሩ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ራም በርካሹ ጊዜ የተገጠመለት፣ 16 ጊጋ ያለው አሮጌ የቢሮ ላፕቶፕ፣ ዛሬ በተመሳሳይ ዋጋ ከሚሸጠው 8 ጊጋ አዲስ ላፕቶፕ የተሻለ ሊያገለግል ይችላል። ብሎኖቹን ፈትቶ ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሻጩ ካልተስማማ ሌላ ሱቅ ሂዱ።